የአየርላንዱ እርካብ

እኔ ዘንገና ሐይቅ ከመድረሴ በፊት በነበረው ቀን እዚያ የታየችው ሴት ማን ነበረች? ወራት አልፈዋል፤ አሁንም መልስ የለኝም። የሆነውን እንደሆነ ልጽፈው።

ከዳንግላ የተነሣሁት የእናቴን አባት ፍለጋ ነው። ልጄ ሰላም ልታገባ ነበር። በእኛ ዘንድ የሠርግ ቀን ከመቆረጡ በፊት በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በዚያ ውስጥ የተገናኘ ሥጋ አይጋባም። እጮኛዋ ይበልጣል የቆሰበር ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ ቆጠሩ፤ ንጹሕ ነው አሉ። እኔን ግን አንድ ስም እንቅልፍ ነሣኝ። ዘራችንን የቆጠሩት አጎቴ አያ ሞላ፣ በእናቴ አባት ቦታ የእንጀራ አባቷን ጠሩ። የወለዳት ግን በጣሊያን ጊዜ ማብቂያ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ አየርላንዳዊ የፈረስ ሐኪም መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

«አያ ሞላ፣ አየርላንዱን ዘለሉት እኮ» አልኩ።

«ፈረንጅ አይቆጠርም። አጥንቱ ባሕር ማዶ ነው፤ እዚህ ከማን ጋር ይዛመዳል? አንቺማ ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ አላስቀምጥ አልሽን!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነታቸውን ነው። የተማርኩት ሰላምን ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ክፍት ቦታ አይቶ አያልፍም መሰለኝ። አየርላንዶች የዘር ሐረግ የሚፈላለጉበት ገጽ ስልኬ ላይ አግኝቼ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፍኩ። አንዲት ሴት በትሕትና መለሰችልኝ፦ ጆን የሚባል ሰው በአገራችን እንደ አሸዋ ነው፤ የተወለደበትን መንደር ካላወቅሽ አይገኝም።

እኛ ከእሱ የቀረን «ጆን» የሚለው ስምና አንድ እርካብ ነው። የድሮ ፈረሰኞቻችን እርካብ ውስጥ የሚያስገቡት አውራ ጣታቸውን ነበር፤ ይሄ ግን ጫማ ሙሉ የሚገባበት ሰፊ ብረት ነው። በቆሰበር በኩል የታመመ ፈረስ ሊያይ ሲሄድ፣ ከጥንዱ አንዱን ፈትቶ «ለዚህ ስል እመለሳለሁ» ብሎ ለአያቴ ሰጣት። አልተመለሰም። ወደ አገሩ ተሻገረ ተባለ። «ተሻገረ» ያለው ማን እንደሆነ ብጠይቅ የሚያውቅ አጣሁ። እርካቡን በነጠላ ጠቅልዬ ተነሣሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰላም እንኳ ገበያ የሄድኩ ነው የመሰላት።

ቆሰበር

ሚኒባሱ ከዳንግላ ሲወጣ ፀሐይ ነበር። እንጅባራ፣ ማለትም ሰው ዛሬም ቆሰበር የሚላት ከተማ፣ ስንገባ ጉሙ መናኸሪያውን ውጦታል። ከሰል የጫነ ጋሪ አጠገቤ አለፈ፤ ፈረሱ ይታየኛል፣ ጋሪው አይታይም። ብርድ ስለሆነ ቅቅል ድንች በዳጣ ልገዛ ወደ አንዲት ሻጭ ጠጋ አልኩ።

«ዛሬም መጣሽ?» አለችኝ።

«እኔን ነው?»

«ትናንት እዚሁ ቆመሽ ድንቹን ስታዪ ቆየሽና ሳትገዢ ሄድሽ። ምርኩዝሽን የት ጣልሽው?»

«ትናንት ዳንግላ ነበርኩ።»

«እንግዲያ ያበድኩት እኔ ነኛ!» ብላ ሳቀች። ለጎረቤቷ በአገሩ ቋንቋ፣ በአውኚ፣ አንድ ነገር ነገረቻት። ጎረቤቷ አልሳቀችም።

ዘንገና

ጆንን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ በሐይቁ ዙሪያ ወዳሉት መንደሮች የተሳፈርኩበት የባጃጅ ሹፌር ጨዋታ ወዳጅ ነው። «እናቴ፣ በዚህ ጉም ሐይቁን አያዩትም። እሱ ነው የሚያይዎት» አለኝ። ድሮ እዚህ ስለነበረ የፈረስ ሐኪም ሰምቶ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«የእማሆይ ወለተ ማርያም አባት ፈረስ ያክሙ ነበር ይባላል። እሳቸውን ይጠይቋቸው።» ከአስፋልቱ ዳር አውርዶ የእግር መንገዱን አሳየኝና ዞረ።

ጉሙ ሳሳ ሲል ሐይቁ ከታች ክብ ሆኖ ታየኝ። ጉሬዛዎቹ ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረው ቁልቁል ያዩኛል፤ አንዱም ድምፅ አያሰማም። በመንገዱ እርጥብ ጥቁር ጭቃ ላይ ከፊቴ የሄደ ሰው ዱካ ነበር፤ ከጎኑ ምርኩዝ የወጋው ቀዳዳ። ተከትዬው አንድ አጥር በር ደረስኩ። ዱካው እዚያ ያልቃል። የመመለሻውን ፈለግሁ፤ የለም።

እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። «ዛሬስ ግቢ፣ ልጄ» አሉኝ። «ትናንት ብለምንሽ ብለምንሽ አልገባም አልሽ። ዓይኔ ደክሟል፤ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላሽንና የቀርከሃ ምርኩዝሽን ብቻ ነው የለየሁት።»

የእኔ ነጠላ ጥለቱ ቀይ ነው። አረንጓዴ ጥለትና የቀርከሃ ምርኩዝ እስክትሞት ድረስ ያልተለያት እናቴ ናት። ከተቀበረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እማሆይ ቀና ሲሉ ደግሞ ያየሁት ፊት የእሷ ፊት ነበር።

ገባሁ። እርካቡን ፈትቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። እማሆይ ተነሡ። ግድግዳው ላይ ከተሰካው እንጨት ሁለተኛውን እርካብ አውርደው ከጎኑ አኖሩት።

«አባቴ ሲሞት ‹ጥንዱ ዳንግላ ነው› ብሎን ነበር» አሉ። «የሚያመጣው ሰው ስጠብቅ አረጀሁ።»

«የተወለደበትን መንደር ነግሮዎት ነበር?»

«አልነገረኝም። ይህን ሐይቅ እያየ ግን ይመሽበት ነበር።» የተቀበረውም እዚያው፣ ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ነው አሉኝ። አጥንቱ ባሕር ማዶ አልነበረም፤ ከአጥር ማዶ ነበር።

«ሰባት ቤት ሲቆጠርስ፣ እማሆይ?»

«እሱ ልጅ ሳለሁ ሞተ፤ ያሳደገኝን የእንጀራ አባቴን ነዋ የሚጠሩት! ፈረንጅ ይቆጠራል እንዴ?»

ያኔ ነው ቀና ያልኩት። እርካቡ ከተሰቀለበት በላይ የምረቃ ፎቶግራፍ አለ፤ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ፈገግ ያለ ልጅ። ይበልጣል ነው።

«የሴት ልጄ ልጅ ነው» አሉ እማሆይ። «ከፋሲካ በኋላ ያገባል። ሙሽራይቱ የዳንግላ ልጅ ናት አሉኝ። ታውቂያት ይሆን?»

«ዳንግላ ሰፍቷል፣ እማሆይ» አልኩ።

«ጥንድ አይለያይ» ብለው ሁለቱንም እርካብ አስያዙኝና እስከ በሩ ሸኙኝ።

«እናትሽ በሕይወት አለች?»

«የለችም።»

ጭቃው ላይ ያለውን ዱካ ትክ ብለው አዩ። «እንዲያ ከሆነማ…» አሉና ሳይጨርሱት ገቡ።

ዳንግላ

ቤት ስደርስ ሰላም የጥሪ ወረቀት ቀለም ታስመርጠኛለች። እርካቦቹን ከአልጋዬ ሥር አደረግኋቸው። አያ ሞላ ቀን ቆረጡ፤ ድንኳን ተያዘ፤ ልጄ ስትስቅ እሰማለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ አነጋለሁ። ከዚያ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ያልተቆጠረ ሰው አይጠፋም፤ ሊቆጠር በእግሩ ይመጣል።

አንድ ቀን ሰላም ለሠርጉ ቤት ስታጸዳ፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ከበሩ ኋላ የቆመውን የቀርከሃ ምርኩዝ ይዛ መጣች።

«እማ፣ ይሄን ማን ይዞት ወጣ? ጫፉ ላይ ጥቁር ጭቃ ደርቋል።»

የእኛ ሰፈር አፈር ቀይ ነው።

«ተቀመጪ» አልኳት። እርካቦቹን አውጥቼ በመካከላችን አኖርኩና የዘንገናውን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ ራሴ ቆጠርኩላት። «አንድ እኔ። ሁለት እናቴ። ሦስት ጆን። ይበልጣል ደግሞ፦ አንድ እናቱ። ሁለት እማሆይ ወለተ ማርያም። ሦስት…»

ልጄ እጇን በእርካቡ ላይ አሳረፈች።

«ተይ፣ እማ» አለች። «ሦስተኛውን እኔ ልጥራው።»