ለበረዶ የተላኩ ሽማግሌዎች

«ተመርጠሻል!» የሚለው ኢሜይል የደረሰኝ ወደ ሰፈራችን ወደ ሬኒየር ቫሊ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ጮህኩ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን እቅፍ አደረጉ። በሰመር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተራራ በረዶ ውፍረት እንዴት እንደሚለካ ከሚማሩት ልጆች አንዷ እኔ ነኝ! የቀረው የአባዬ ፊርማ ብቻ ነበር፤ እሱም እስከ ዓርብ።

አባዬ ፎርሙ ላይ ያለውን የአውሮፕላን ፎቶ አየና «ኖ!» አለ። «ልጄን በረዶ ላይ አልጥልም።» አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ጨርሻለሁ» ይለኛል።

ሶ፣ ሽማግሌ ላክሁበት። አባት እምቢ ሲል የሚደረገው ይኸው አይደል? የክርስትና አባቴንና የሰፈራችንን ባለሱቅ ለመንኩ። ሐሙስ ከሥራ መልስ ሁለቱም ሱፋቸውን ግጥም አድርገው መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ።

የክርስትና አባቴ፣ ሁልጊዜ «አንተ» የሚሉትን አባዬን፣ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፤ ልጅዎን ፈልገን ነው የመጣነው» አሉት።

አባዬ ሪሞቱ ከእጁ ወደቀበት። «አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው እኮ! ማነው ልጁ? የማን ልጅ ነው?»

«ኧረ ለበረዶ ነው!» አሉ ባለሱቁ።

ሶፋው ላይ በሳቅ ተደፋሁ። አባዬ ሪሞቱን ሊያነሳ ሲያጎነብስ ነው ማስረዳት የቻልኩት።

«እኔ አልበርም። አውሮፕላኑ ከላይ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ መጀመሪያ ከበረዶው ገጽ፣ ቀጥሎ ከሥር ካለው ድንጋይ ነጥሮ ይመለሳል። በሁለቱ መሀል ያለው ጊዜ ውፍረቱን ይነግረናል። የእኔ ሥራ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ መስመሮቹን ማንበብ ነው።»

ባለሱቁ አጨበጨቡ። «ለቅቤም ይሠራል? ከላይ ቅቤ፣ ከሥር ሙዝ እየሸጡልኝ ስንቴ አቃጠሉኝ!»

«ታዲያ ቁጭ እንደምትዪ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አባዬ።

«መቼ አስጨረስከኝ?»

«ኦኬ፣ ኦኬ። እስክሪብቶ አምጪ።»

ፈረመ! ሽማግሌዎቹ ግን ሳይመርቁ መሄድ ነውር ነው አሉ። የክርስትና አባቴ ትንሽ አሰቡና «ከድንጋዩ ያድርስሽ» አሉኝ። አሜን ያለው ሁሉም ነው፤ የአባዬ ግን ከሁሉም ጮኸ።

በማግሥቱ ፎርሙን ስመልስ የበረዶው ትምህርት አስተማሪያችን፣ «በመጨረሻው ቀን ሥራችሁን ስታሳዩ የፈለጋችሁትን ጋብዙ፤ አዳራሹ ሰፊ ነው» አለችን። ሶ፣ እናንተም ተጋብዛችኋል። ኑ! የበረዶው ሥር የቱ ጋ እንደሆነ በጣቴ አሳያችኋለሁ፤ ካልገባችሁም እደግመዋለሁ።