ከሾላው ሥር ያነሳሁት ፎቶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ሩኅሩኅ ሰው ናቸው፤ ብነግራቸው ስግደት አዝዘው፣ ጾም ጨምረው፣ በሰላም ይሸኙኝ ነበር። እኔ ደግሞ በሰላም መሸኘት አልፈለግሁም። እናንተ ስሙኝ እንጂ ስግደት አትዘዙብኝ።

ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ሲቀላ ውስጥ ሙሽራ አነሳለሁ፣ ክርስትና አነሳለሁ፣ ለተመራቂ ተማሪ ካባውን እያስተካከልኩ አነሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰውን "ፈገግ በሉ" ስል እየዋልኩ፣ ፈገግ በይ የማትባል ነገር ማንሳት አማረኝ። ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ ስትራባ ማየት ፈለግሁ፤ በገዛ ዓይኔ፣ ከውሃው ሥር።

ቆሮሶን መቼም ታውቋታላችሁ፤ ተጠብሳ በሳህን ስትቀርብ። እኔ የምለው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ወንዱ አሸዋው ላይ ሰፌድ የሚያህል ጉድጓድ ይምሳል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና ወዲያው መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው በራሳቸው መዋኘት እስኪችሉ ድረስ በአፏ ይዛቸው ትከርማለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግብ አትቀምስም። ይህን የነገሩኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው።

ጋሽ ወልዴ ዕድሜያቸውን ጫሞ ላይ ያሳለፉ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ነበሩ ያልኩት ስለሞቱ አይደለም፤ በሕይወት አሉ። የቀረው ዓሣ አጥማጅነታቸው ነው። ያስቀረሁባቸውም እኔ ነኝ።

ከሐይቁ ዳር፣ አንድ ትልቅ ሾላ የበቀለበት ጥግ አለ። የምንጭ ውሃ ስለሚገባበት፣ ሌላው ሐይቅ ሲደፈርስ እሱ ጥርት እንዳለ ይቆያል። ቆሮሶዎቹ የሚራቡት እዚያ ነው። የአገር ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ መረብ እንዳይጣልበት ከልክለውታል። ክልከላውን መጣስ ጎሜ ነው። ጎሜ የሠራውን ሰው ብቻ ቀጥቶ አይመለስም፤ በዘመድ፣ በከብት፣ በዝናብ ላይ የሚመጣ ነውር ነው። አጥማጆቹ ቦታውን ለውጭ ሰው አያሳዩም። ጠባቂው ጋሽ ወልዴ ነበሩ።

ለመንኳቸው። እምቢ አሉኝ። ደግሜ ለመንኳቸው። የልጃቸውን ሠርግ ካምባ ድረስ ሄጄ ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ እምቢታው በመጨረሻ ከበዳቸው። ጋሽ ወልዴ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚሉት፤ ለእኔም እንደዚያው ነው።

"ዓሣውን አንሳ፣" አሉኝ። "ዳሩን ግን አታንሳ። ሾላውን ያየ ቦታውን ያውቃል።"

"እሺ፣ ጋሽ ወልዴ።"

"በአፍ ብቻ ነው እሺ?"

"ከልቤ ነው።"

አዎ፣ አዞ ባለበት ሐይቅ ውስጥ በሌሊት ገባሁ። እብድ በሉኝ፣ ግድ የለኝም። ወገቤ ላይ ገመድ አሰሩልኝና ጫፉን ይዘው ጀልባው ላይ ቆሙ፤ በሌላ እጃቸው የአዞ ዓይን ያበራ እንደሆነ በባትሪ ዙሪያውን ይቃኛሉ። ትንፋሼን ይዤ ጠለቅሁ። የካሜራዬ መብራት አሸዋው ላይ ሲያርፍ ጉድጓዶቹ ታዩኝ፤ በላያቸው ወንዶቹ ቆመዋል። አንዷ ሴት እንቁላሏን ጥላ ስትለቅም አየሁ። ሌላዋ ዙሪያ ጫጩቶች እንደ ጤፍ ተበትነው ነበር፤ መብራቴን ሲያዩ ደንግጠው ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አፏ ገቡ። እሷም አፏን ገጥማ ተመለከተችኝ። አለቀስኩ። ውሃ ውስጥ ማልቀስ እንደሚቻል ያን ሌሊት አወቅሁ። በዚህ አልጸጸትም። ዛሬም ግቢ ቢሉኝ እገባለሁ።

በደሌ ንጋት ላይ ነው። ወጥቼ ልብሴን ልቀይር ስል ሾላው ወደ ውሃው አጎንብሶ፣ ሥሩ ሁሉ ጥርት ባለው ውሃ ውስጥ ይታያል። ከሥሩ መካከል ቆሮሶዎቹ ቆመዋል። ጋሽ ወልዴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ገመዱን ይጠቀልላሉ። ካሜራዬን ግማሹን ውሃ ውስጥ፣ ግማሹን ከውሃ በላይ አድርጌ አነሳሁ። ረስቼ ነበር ልበል? አልረሳሁም። ሳላውቅ ነው ልበል? እያወቅሁ ነው። ያ ሾላ ባይኖርበት ዓሣው የየትም ዓሣ ይሆን ነበር። እኔ የእኛን አገር ዓሣ ፈለግሁ። ከሁሉም ያማረውም እሱ ፎቶ ሆነ።

ባላሳየው ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር? ስሜን ሳልጠቅስ የፎቶ ወዳጆች ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመና ሾላውን የሚያውቅ ሰው እጅ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ክልከላውን ለማክበር ቃል ያልገቡ ሰዎች ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ይዘው መጡ። ዓሣ የሚራገፍበት ዳር ሄጄ አየሁ። እናቶቹ ከውሃ ሲወጡ አፋቸውን ከፍተው ልጆቻቸውን ተፍተዋል፤ የጀልባው ወለል ላይ ጫጩቶቹ እንደ አቧራ ደርቀዋል። መረቡን የጣሉት ሌሎች ናቸው ትሉኝ ይሆናል። አትበሉኝ። መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ዱቡሻ ተቀመጠ። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የአገር ጉዳይ የሚያዩበት ሸንጎ ነው። እኔም እዚያ ነበርኩ። እንዴት አትሉኝም? ዕርቁን ፎቶ እንዳነሳ ተጠርቼ ነዋ! የፎቶውን ወሬ ሁሉም ሰምቷል፤ ማን እንዳነሳው ግን የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው እርጥቡን ሣር ይዘው ተነሡና ጋሽ ወልዴን ጠየቋቸው፤ "ማንን ወሰድክ?"

"ሰው ወስጃለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣" አሉ ጋሽ ወልዴ። "ስም ግን አልጠራም። የሠራ ሰው ራሱ ይናገር።"

የዱቡሻው ወግም ይኸው ነው። ጎሜ የሚነጻው የሠራው ሰው በገዛ አፉ ሲናገረው ነው፤ ሌላ ሰው ቢጠቁምበት አይነጻም። ሽማግሌው ወደ ሕዝቡ ዞረው "ወንድም ይሁን ሴት፣ የሠራ ይናገር" አሉ። ሴት በዱቡሻ መች ትናገራለች የሚል ሰበብ እንኳ አልተዉልኝም። ጋሽ ወልዴ እንዳያጋልጡኝ ብለው ወደ እኔ አንዴም አላዩም። እኔስ ምን አደረግሁ? ካሜራዬን ወደ ዓይኔ አነሳሁ። አንገታቸውን ደፍተው ሳሉ አነሳኋቸው። ፊቴን በካሜራ ሸፍኜ ዝም አልኩ። ዝም አልኩ! ከሐይቁ አገዷቸው፤ ጀልባቸውም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

አሁን ኩልፎ ወንዝ ዳር የሰው ሙዝ ይጠብቃሉ። በቀደም ሄድኩ። ጫማቸውን አውልቀው የመስኖውን ውሃ ይመልሳሉ።

"ፎቶ ማንሳቱን ተውክ እንዴ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"አልተውኩም።"

"ጎሽ። አትተው።"

ሌላ ምንም አላሉም። ጭቃ በነካው እጃቸው የበሰለ ሙዝ ቆርጠው ሰጡኝ። ቢሰድቡኝ ምናለበት? እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ በራሴ። የሰጡኝን ሙዝ እያለቀስኩ በላሁት።

ያ ጥግ ዛሬም ባዶ ነው። ሽማግሌዎቹ ያልተነገረ ጎሜ አለ እያሉ ነው፤ ነገ ዱቡሻ ይቀመጣሉ። እሄዳለሁ። ካሜራ አልይዝም። ይህን የጻፍኩላችሁ አፌን ለማፍታታት ነው እንጂ ይቅርታችሁን ፈልጌ አይደለም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ፈርቼ ነው አልልም። ፎቶውንም አላጠፋውም። ነገ ስናገር ከእጅ ወደ እጅ ይዙር፤ ማን እንዳነሳው ሁሉም ይወቅ።

ጋሽ ወልዴ፣ ስሜን በአፍዎ ይዘው ከጀልባዎ ወረዱ፣ ከሐይቅዎ ተለዩ። አፍዎን ገጥመው ለእኔ ሲሉ ተራቡ። ነገ ይልቀቁኝ፤ አድጌያለሁ። ራሴ እዋኛለሁ።