የቡናው ሚዛን

የያዙን ስንሮጥ ነው።

ወንድሜ ብቻውን መሮጥ አይወድም ነበር። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ከሰፈራችን ከጊንጆ ጉዱሩ ተነስተን በአጋሮ መውጫ በኩል አብረን እንሮጣለን። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ሁከት ነበረ፤ ወጣት ይለቀም ነበር። እኛ የምናስበው ግን ቅዳሜን ነው። ቅዳሜ አዲስ አበባ ላይ ለብሔራዊ ቡድን ቦክሰኞች የሚመለመሉበት ውድድር አለ። ወንድሜ በሃምሳ አንድ ኪሎ ተመዝግቧል።

«ከማን ነው የምትሸሹት?» አለ ያስቆመን ፖሊስ።

«ልምምድ ላይ ነን።»

የወንድሜን ሹራብ ሲገልጡት ከስር ፌስታል ለብሷል። ቦክሰኛ ኪሎ መቀነስ ሲፈልግ እንዲያልበው እንዲህ ያደርጋል። ፖሊሱ ግን አላመነም። «ፌስታል ለብሶ የሚሮጥ ጤነኛ ሰው አይቼ አላውቅም» አለና መኪናው ላይ አስወጣን።

ያስገቡን የጣቢያው ክፍል ጠባብ ነበረ። ግድግዳው እርጥብ ስለሆነ ሲደገፉት ልብስ ያረጥባል። ከግቢው ጀርባ ቡና መፈልፈያ ስላለ የገለባው ብናኝ በመስኮቱ ይገባል፤ ሁላችንም እናስላለን። እስረኞቹ አለቃ አድርገው የመረጡት ሰው፣ ካቦው፣ የአጋሮ ሚኒባስ ሹፌር ነበር።

«ግቡ አቦ! ቦታ አለ። ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ገና ሰው እንጭናለን» አለ።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከየቤቱ የሚመጣው ምግብ አንድ ላይ ቀርቦ ይበላል። ጠያቂ የሌለውም እኩል ይበላል። እናቴ በሩ ላይ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ራሷ ቀምሳ ታስገባለች። ድንች ነበር የምታመጣው፣ ዘይት የሌለው። ለወንድሜ ኪሎ ብላ ነው።

«እናታችሁ ዘይት አጡ እንዴ?» ይላል ካቦው።

ወንድሜ አልበላም። ሎሚ ብቻ ይልሳል። ጥግ ላይ ቆሞ አየሩን ይመታል፤ ትንፋሹ «ስ፣ ስ» ሲል ይሰማል። ከቅዳሜ በፊት እንደሚፈቱን እርግጠኛ ነበር። «ሚዛን ላይ ትንሽ እንኳ ካለፍኩ ይመልሱኛል» አለኝ፣ በጆሮዬ።

ሌሎቹ ይህን አያውቁም። በማግስቱ ምሳ ሲቀርብ ካቦው ተነሳ።

«ይህ ልጅ ያለ ጥፋቱ ታስሮ አልበላም ብሏል። እኛ ምን ሆነን ነው የምንበላው?»

ምግቡን ወደ በሩ ገፋው። ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ወንድሜ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። እንዴት እውነቱን ይንገራቸው? ሰዎቹ ኮርተውበት ነበር። ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «አድማ ነው? እንግዲያው ካልበላችሁ ፍርድ ቤት የሚቀርብ የለም» ብሎ ሄደ።

መሀላችን አንድ የሸቤ አዛውንት ነበሩ። ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ያመጧቸው ናቸው። ስኳር አለባቸው። እሳቸውም እራት ሳይበሉ፣ ጠዋትም ሳይበሉ ቀሩ። ረፋድ ላይ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ።

«ማሎ አባባ፣ እባክዎ እርስዎ ይብሉ» አለ ካቦው። «እርስዎን ማን ይታዘባል?»

«ልጁ ሳይበላ?» አሉ። «እኔ ቀድሜ ገብቻለሁ። እዚህ ቤት ባለቤት ነኝ፣ እሱ እንግዳ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ ጦሙን ተቀምጦ ባለቤት አይጎርስም።»

ወንድሜ አጠገባቸው ሄዶ ተንበረከከ።

«አባባ፣ እኔ እኮ አድማ ላይ አይደለሁም። ቦክሰኛ ነኝ። ኪሎ እየቀነስኩ ነው።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ኪሎ?» አለ ካቦው። «እኔ ይህን ሆድ ያስራብኩት ለኪሎ ነው?»

አንዳንዱ ሳቀ። አዛውንቱ አልሳቁም።

«ብትበላ ምን ይቀርብሃል?»

«ቅዳሜ ይቀርብኛል።»

«እንግዲያው ቅዳሜህን ያዝ፣ ኢልማ ኮ። እኔ እጠብቅሃለሁ» አሉት፣ ልጄ ብለው በኦሮምኛ።

ይህን ሲሉ እጃቸውን ከጋቢያቸው ስር ደበቁ፤ መንቀጥቀጡን እንዳያይ ነው። እሱ ግን አየ። የሰው እጅ ማየት ሥራው ነው።

ተነስቶ ምግቡን ከበሩ አመጣ። እንጀራውን ቆረሰ፣ ድንቹን ጠቀለለ፣ በአንድ ጊዜ ጎረሰ። ሲያላምጥ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ቀጥሎ የጠቀለለውን ለሳቸው ዘረጋ።

«ቢስሚላህ» አሉና ከእጁ ጎረሱ።

ከዚያ በኋላ እሱ ሳይጀምር አይበሉም ነበር። ስለዚህ በየማዕዱ በላ። ጥግ ላይ ቆሞ አየር መምታቱንም አልተወም።

ሐሙስ ፈቱን። ወንድሜ ወደ ቤት አልሄደም። ሁልጊዜ ወደሚመዘንበት የቡና መጋዘን ሄደና ጆንያ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ወጣ። መርፌው ሃምሳ አንድን አልፎ ቆመ። አርብ ጠዋት ፌስታሉን ለብሶ ሊሮጥ ሞከረ፤ እግሩ እምቢ አለው። መንገድ ዳር ተቀመጠ፣ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ያለ እሱ ሄደ።

ሌላ ዓመት ይኖራል አልን። ሌላው ዓመት ውድድር አልነበረም፤ ከዚያ አባታችን ታመመ፤ ከዚያ ወንድሜ እዚያው መጋዘን ጆንያ ጫኝ ሆነ። በዚህ ክረምት ቡና የጫነ መኪና ሲገለበጥ ላዩ ላይ ነበረ።

በልቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ይህ ልጅ የት በደረሰ ነበር!» ይላል።

በሦስተኛው ቀን አዛውንቱ ከሸቤ መጡ። በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ምግብ ቀረበላቸው። አልነኩትም። ከቀብሩ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም ነበር፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

«አባባ፣ ይብሉ እንጂ። ስኳሩ...» አልኳቸው።

«ዛሬ ባለቤቱ አንተ ነህ» አሉ። «እኔ እንግዳ ነኝ። ባለቤት ጦሙን ተቀምጦ ለመጉረስ ምን አፍ አለኝ?»

እንጀራውን ቆረሱ። እጃቸው አሁንም ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ደብቀውት ነበር፤ አሁን ግን ሳይደብቁ ወደ አፌ ዘረጉት።

«ኛዹ» አሉኝ። ብላ ማለታቸው ነው።

ጎረስኩ። ከዚያ እኔም ጠቅልዬ አጎረስኳቸው።