መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ ሥጋው

ውሻዋን ወድጄ አይደለም ያመጣኋት። ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ውስጥ የምንከባከባቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። አራት ዓመት አጥቤያቸዋለሁ፣ አብልቻቸዋለሁ፣ ዳይፐር ቀይሬላቸዋለሁ። ሲሞቱ ልጃቸው ከበርባንክ መጣችና የቤቱን ዕቃ በሁለት ቀን አከፋፍላ ጨረሰች። ሶፋው ወሳጅ አገኘ፣ ቴሌቪዥኑ ወሳጅ አገኘ፣ የሽማግሌውን ውሻ ግን የሚጠይቅ ጠፋ። ልጅቷ ለአንድ ሳምንት ያዝልኝ አለችኝ። ኦኬ አልኳት። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ስልኬን አላነሳችም። እኔም እሷን ብሆን አላነሳም ነበር።

ቡናማ፣ እግረ አጭር፣ አንድ ጆሮዋ የታጠፈ ውሻ ናት። ከፌርፋክስ መንገድ ገባ ብላ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤቴ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ቦታ ያዘች። ከዚያ ወዲህ የማኅበር ሰዎች ውሻ ያለበት ቤት አንገባም ብለው በር ላይ ቆመው ነው የሚያወሩኝ። ለእኔ እረፍት ሆነልኝ። ከእናንተ እሷ ትሻላለች፣ ቢያንስ ዝም ትላለች ብዬ ለአንዱ ነገርኩት። ደጃፌንም መርገጥ ተወ።

ዝምታዋ የቆየው ግን አጠገባችን ያለው ባዶ ቦታ ላይ አዲስ አፓርታማ መሥራት እስኪጀምሩ ነው። ሠራተኞቹ ምስማር የሚተኩስ መሣሪያ አላቸው፤ ጠመንጃ በሉት። ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። ሥራዬ የማታ ስለሆነ እኔ የምተኛው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጧጧ ሲል ውሻዋ ሮጣ በሽንት ቤቱ መቀመጫና በግድግዳው መሃል ተሸጎጠች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፣ ሥሯ ረጥቧል። ከዚያ አለቀሰች። መጮህ አይደለም፤ ሰው እንደሞተባት አንገቷን ወደ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳልስቱም እንዲሁ።

በሁለተኛው ሳምንት የሕንፃው ማኔጀር በሬ ላይ ወረቀት ለጠፈች። ራሴ አነበብኩት። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው። እስከ አርባ ስድስት ዓመቴ ድረስ ፊደል አልለይም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ እሑድ እሑድ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር በልጆች ወንበር ተቀምጬ። ጉልበቴ አገጬን ይነካኝ ነበር። እንግሊዝኛውን ደግሞ ላይብረሪ ውስጥ ተማርኩ። ስለዚህ አሁን የሚያስፈራ ወረቀት ሲመጣልኝ አንብቤ ነው የምፈራው።

ወረቀቱ ጎረቤቶች ተማረዋል ይላል። ሠላሳ ቀን ተሰጥቶሃል፣ ከዚያ በኋላ ራሴ መጥቼ አያለሁ፤ ጩኸቱ ካልቆመ ውሻዋ ትወጣለች ይላል። የት ነው የምትወጣው? ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ውሻ ወደሚያጎሩበት ቤት ትሄዳለች፣ ሰው የሚመርጠው ቡችላ ነው፣ መጨረሻውን ማወቅ አይከብድም። ሽማግሌው ሲሞቱ እግራቸው ላይ ተኝታ የነበረችው እሷ ነበረች። ልጃቸው ትራፊክ ይዟት አልደረሰችም።

የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ መድኃኒትም አለ፣ ግን በፊት ይህን ሞክር ብላ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠችኝ። እርሳስ ይዤ ሁለት ቀን አነበብኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሚያስፈራትን ድምፅ በስልክ ትቀዳለህ። ጸጥ ባለ ሰዓት በጣም ዝቅ አድርገህ ታሰማታለህ፣ ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን ምግብ ትሰጣታለህ። በየቀኑ ድምፁን ትንሽ ትንሽ ከፍ ታደርጋለህ። ገባኝ አልኩና ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ከሁሉ አብልጣ የምትወደው የበሬ ሥጋ ነው። ወቅቱ ደግሞ ሁዳዴ ነበር። ፌርፋክስ ላይ ወዳለው ሥጋ ቤት ገብቼ ቀይ፣ ስብ የሌለው፣ ግማሽ ኪሎ አልኳት ሻጯን። ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ።

“ጋሼ፣ በሁዳዴ?”

“ለውሻ ነው።”

“ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።”

“ላምጣትና ስትበላ ላሳይሽ?”

“ለውሻማ ቀይ ብሎ የሚመርጥ የለም፣ ጋሼ” አለችና እየሳቀች ቆረጠችልኝ። ወጥቼ ሳልጨርስ ለሚቀጥለው ሰው ስታወራ ሰማኋት። እኔ ሽሮ እየበላሁ ለውሻ ሥጋ መቀቀሌን የሚያምን አልነበረም። ጨው እንኳ አላደርግበትም፣ ስለዚህ መቅመስም አያስፈልገኝ።

ጧት ከሥራ እንደገባሁ፣ ሠራተኞቹ ሳይመጡ፣ ሥጋውን በትንሿ ሰማያዊ ሰሃን አድርጌ አቀረብኩላት። በባዶ ሆዷ ክፉ ነገር ላሰማት አልፈለግኩም። ብይ አልኳት። በላች፣ ሰሃኑን ላሰች፣ ጭራዋን ወዘወዘች። በደንብ መጥገቧን ካየሁ በኋላ ስልኬ ላይ የቀዳሁትን ከፈትኩት። ጧ አለ፣ ዝቅ ብሎ። ጭራዋ ቆመ። ምንም አይደል፣ ትለምደዋለች አልኩ።

በአራተኛው ቀን ሰሃኑን ሳስቀምጥ ፊቴን አየች እንጂ ሥጋውን አላየችም። በስድስተኛው ቀን ትንሽ ቀማምሳ ተወችው። በስምንተኛው ቀን ሰሃኑን ከመደርደሪያው ሳወርድ ገና ሮጣ ሽንት ቤት ውስጥ ተሸጎጠች። ስልኩን አልነካሁትም፣ ውጪ ጸጥ ብሏል። ከሥጋ ሸሸች። ሰደብኳት። ሰው ያማኛል በአንቺ ምክንያት፣ አንቺ ሥጋ ትንቂያለሽ አልኳት። ሰሃኑን ይዤ ሽንት ቤቱ ወለል ላይ ተንበረከክሁና ብይ፣ ብይ እንጂ፣ ትንሽ ቅመሽ እያልኩ ወደ አፏ አስጠጋሁላት።

ያን ጊዜ የራሴን ድምፅ ሰማሁት።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። በዕረፍት ቀኔ በማለዳ አራት ሰዎች ቤቴን አንኳኩ፣ ምግብ ይዘው። ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው ጭምር መጥቷል። ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነኝ። ከበው አስቀመጡኝ። ብላ እንጂ፣ ትንሽ ጨምር እያሉ ያጎርሱኛል። ቀልድ አወራሁ፣ ሳቁልኝ። ከእነሱ አንዱ ግን ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። እጄን ታጥቤ ስመለስ ሁሉም ቆመው ጠበቁኝ።

“በርታ፣ ወንድሜ። እናትህ አርፈዋል።”

ሦስት ቀን ሙሉ ያውቁ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፣ ሰው በባዶ ሆዱ እንዳይወድቅ ተብሎ። እኔም ለሌላ ሰው እንዲሁ አድርጌያለሁ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ብላ ብላ ሲለኝ እህሉ አይወርድልኝም፤ የሚያጎርሰኝን ሰው ፊት ነው የማየው። በዚህ የተነሳ ግብዣ መሄድ ተውኩ። ኩሩ ነው ይሉኛል።

ውሻዋም ፊቴን እያየች ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ በየማለዳው መርዶ ሳረዳት ከርሜያለሁ።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ሰው በአጠገቤ ስላልነበረ ደግሜ አልኩት።

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ እዚያው ወለሉ ላይ እንደገና አነበብኩት። መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ ወዲያው ምግቡ ይላል። ተገላብጦ እንዳይሆን ተጠንቀቅ ይላል ደግሞ፣ በወፍራም ፊደል። አንብቤው ነበር፤ በሥሩ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ግን ስለ መብልና ስለ ክፉ ወሬ ወረቀት ከእኔ የበለጠ ያውቃል ብዬ አላሰብኩም።

ሰሃኑን ጣልኩት። ያን ቀን ምንም ድምፅ አላሰማኋትም፣ በማግስቱም። ጎኗን እያሻሸሁ አብሬያት ተቀመጥኩ እንጂ። ሠራተኞቹ ሲተኩሱ የሽንት ቤቱን በር ዘግቼ ጩኸቱን እንዲሸፍንላት ማራገቢያውን እከፍትላታለሁ፣ ብርድ ልብስ አለብሳታለሁ፣ የመጣልኝን በአማርኛ አወራላታለሁ። ስለ እናቴም አወራኋት። ለሰው አውርቼው አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ስልኩን ከትራስ ሥር አድርጌ ከፈትኩት፤ እኔ ራሴ በደንብ አልሰማሁትም። የእሷ ጆሮ ቀና አለ። ወዲያው ከእጄ ላይ ሥጋ ሰጠኋት። አሽትታ ተወችው። ደግሜ ከፈትኩት፣ ደግሜ ሰጠኋት። ሰባተኛው ላይ ይመስለኛል የበላችው። ድምፅ ከሌለ ሥጋ የለም፤ ያለ ድምፅ ብትለማመጠኝም አልሰጣትም። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው ተጨመረ። ስልኩ ከትራሱ ሥር ወጣ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ሆነ። ውጪ እውነተኛው ሲተኩስ ግን አሁንም ትንቀጠቀጣለች፤ አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች፣ አንዳንድ ቀን ታልፈዋለች። ቀኑ አልቆ ነበር።

ማኔጀሯ ቃሏን ጠብቃ መጣች፣ ረፋድ ላይ፣ ሠራተኞቹ በደንብ በሞቁበት ሰዓት። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ እሷም አለቃ አለባት። በሩ አጠገብ ቆማ ሰዓቷን አየች። እኔ ሥጋውን በስኒ ይዣለሁ። ውሻዋ ጠረጴዛ ሥር ናት።

ጧጧጧ አለ።

ጆሮዋ ተለጠፈ፣ ወገቧ ጎበጠ። አሁን ወደ ሽንት ቤት ልትሮጥ ነው አልኩ። ግማሽ መንገድ ሄደች። ከዚያ ቆመችና ዞራ እጄን አየች። እየተንቀጠቀጠች መጣች፤ ከእጄ ላይ በላች። እንደገና ተኮሱ፤ እንደገና አየችኝ። አላለቀሰችም።

“ክኒን ነው የሰጠሃት?” አለችኝ ማኔጀሯ።

“ሥጋ ነው። ድምፁ ሲመጣ ሥጋ ይመጣል። ሌላ ነገር የለውም።”

“ምነው ባሌንም እንዲህ ባለማመድኩት ኖሮ።” ሳቀች። ሦስት አራት ጊዜ ሲተኩሱ ቆማ አየች። ከዚያ ትቆይ አለችኝ፤ ለጎረቤቶቹ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ አንተ ግን አታቋርጥ አለች። ዕቃ የምደረድር መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋት፤ ፊቴን እንድታይ አልፈለግኩም።

ልትወጣ ብላ ተመለሰች። እኔም አንድ ልስጣት አለችኝ። ከስኒው አንድ ቁራጭ አውጥቼ ሰጠኋትና እጇን ያዝ አደረግኩት። ገና ነው፣ መጀመሪያ ድምፁ ይምጣ አልኳት። ሠራተኞቹ ዕረፍት ወጥተው ነው መሰለኝ ውጪ ጭጭ አለ። ማኔጀሯ ሥጋ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ እኔ ስኒውን ታቅፌ፣ ውሻዋ የታጠፈ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አቁማ፣ ሦስታችንም እስኪተኩሱ ጠበቅን።