አያ አላምረው ቆማለች ያሏት ሰዓት

አያ አላምረው የትምህርት ቤታችን ዘበኛና ደወል መቺ ነበሩ። ደወሉ ከጣሊያን ማኪና የቀረ ቸርኬ ነው። ከወይራው ላይ ተንጠልጥሎ በብረት ሲመቱት የጎንደር ከተማ ግማሹ ይሰማዋል። ሰዓታቸው ዝንፍ አይልም። የገበያ ሴቶች እንኳ «አላምረው መታ» ሲባል ነበር ምሳቸውን የሚፈቱት። ሽማግሌው በዚህ የሚኮሩትን ያህል በወለዷቸው ልጆች አይኮሩም።

ክፍላችን ውስጥ የሌለ ወገን አልነበረም። የቄስ ልጅ፣ የአዲስ ዓለም ሙስሊም ነጋዴ ልጅ፣ ከጭልጋ የመጣ ቅማንት፣ የየመኑ ባለሱቅ ልጅ፣ ሁላችንም በአንድ አግዳሚ ተጣበን ስንነታረክ እንውላለን። ባፈና ደግሞ ከወለቃ የምትመጣ የቤተ እስራኤል ልጅ ነበረች፤ እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት።

በእነሱ ሕግ ከሌላ ወገን ጋር የተነካካ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። ባፈና በምሳ ሰዓት ወለቃ ድረስ ሮጣ፣ ወንዝ ገብታ፣ ጎርሳ፣ እንደገና ሮጣ ትመለሳለች። ታዲያ እንዴት አትዘገይ! የክፍሉ አለቃ እኔ ስለነበርኩ ስሟን ጽፌ የማቀርበውም እኔው ነኝ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። በመጨረሻ ዲሬክተሩ «አንድ ቀን ብትደግም ከመዝገብ ትሰረዛለች» አሉ። ባፈና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አያ አላምረው በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ደወል የለም። ሽማግሌው ብረታቸውን እንደያዙ የወለቃን መንገድ ያያሉ። ዲሬክተሩ ወጡ።

«አያ አላምረው፣ ምነው ደወሉ?»

«ሰዓቴ ቆማለች፣ ጌታዬ።»

ሰዓቷ በኪሳቸው ቀጭ ቀጭ ስትል አጠገባቸው ሆኜ እሰማታለሁ።

«እንግዲህ እርጅና መጣ ማለት ነዋ!» አሉ ዲሬክተሩ፣ በልጅ ሁሉ ፊት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ቀን ቢሆን አያ አላምረው ይህን ከማንም አይሰሙም ነበር፤ ያን ለታ ግን አንገታቸውን ደፉ። ቸርኬውን የመቱት ባፈና ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ በበሩ ስትገባ ነው።

«ግቢ እንግዲህ፣ የኔ ሸጋ» አሏት።

ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ሙሉ የከሰዓቱ ደወል ዘገየ። የገበያ ሴቶች «አላምረው ጃጀ» ብለው አሙዋቸው። እኔም ስም መጻፉን ተውኩ።

ከዓመታት በኋላ አያ አላምረው ሲያርፉ ባፈና አስተማሪ ሆና ነበር። ገና አስከሬኑ ሳይወጣ ሰዉን አልፋ ገባችና እጃቸውን ይዛ ግንባራቸውን ሳመች። ደነገጥኩ። በመንደሯ ሕግ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከቤተሰቡ ተለይቶ ከመንደር ውጭ ይቀመጣል።

«ምነው ባፈና፣ ሰባት ቀን ሙሉ ብቻሽን?» አልኳት።

«እኔን አራት ዓመት ጠብቀውኛል» አለች። «ለሳቸው ሰባት ቀን ይበዛል?»