የኦቦ ፈይሳ ቃል

ባለፈው ሳምንት የምርምር ድጋፍ ከጠየቁ ጀማሪዎች ያንዷን ማመልከቻ ስገልጥ፣ የመረጃ ሰጪው ፊርማ ቦታ ባዶ ነው። ከሥሩ «ሽማግሌው በሦስት ሰው ፊት ቃላቸውን ሰጥተዋል» ይላል። አብሮኝ የሚገመግመው ባልደረባዬ «ይሄማ አልተሟላም፣ ይውደቅ» አለ። እኔ ግን የራሴ የድሮ ማመልከቻ ትዝ አለኝ።

ያኔ አምቦ ረዳት መምህር ነበርኩ። ከምዕራቡ ዓለም ውጪ ያለውን የፖለቲካ አስተሳሰብ ለሚያጠኑ ወጣቶች ከውጭ አገር ድጋፍ ወጣ ሲባል እንቅልፍ አጣሁ። ሌላ ማን ሊሰጠኝ! «የዛፍ ሥር ወሬ ደግሞ ምኑ ፖለቲካ ነው?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። የማጠናው ሽማግሌዎች ባለሥልጣንን እንዴት እንደሚገሥጹ ነው፤ አስተማሪዬም ጊንጪ አጠገብ የሚኖሩት ገበሬ ኦቦ ፈይሳ ነበሩ።

ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው የፈቃድ ቅጹን ላስፈርማቸው ሄድኩ። ክረምት ነው፤ መረሬው ጭቃ ጫማዬን ይዞ አልለቅም አለ። ጭኮ በቅቤ አቀረቡልኝ፣ እኔ ግን ሳልቀምሰው ቅጹን ዘረጋሁላቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቃሌን በሰው ፊት ሰጥቼሻለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። ወረቀት ላይ ግን ጣቴን አላሳርፍም። ጎረቤቴ አሳርፎ ዛሬ መሬቱን ከአጥር ውጪ ቆሞ ያየዋል።»

«ኦቦ ፈይሳ፣ ይሄኮ የመሬት አይደለም!»

«ለሱም እንዲሁ ብለውት ነበር።»

አምቦ ተመልሼ፣ የራሴን አውራ ጣት የማኅተም ቀለም ውስጥ ነክሬ በስማቸው አተምኩ። ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ተያዝኩ እያልኩ ወራት ከረምኩ።

አልተያዝኩም፤ ድጋፉን ሰጡኝ። የምሥራቹን ልነግራቸው ስሄድ ኦቦ ፈይሳ ዓይን ዓይኔን እያዩ «ያለ ጣት፣ ቃሌን ብቻ ተቀበሉ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ተቀበሉ» አልኩ።

ወይ ደስታቸው! ጎረቤት ጠርተው «ሰማችሁ? ፈረንጅ እንኳ ቃላችንን አመነ!» አሉ። እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እኔ አፈርኩ፣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ይህንኑ ላገኙት ሁሉ ሲያወሩ ኖረው አረፉ።

ለካ የማጠናው አስተሳሰብ ፊቴ ተቀምጦ ሲናገር፣ እኔ ቀለም ፍለጋ ሮጫለሁ። ይቺ አመልካች ልጅ የጻፈቻትን አንዲት መስመር መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር?

ባልደረባዬ ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል።

«ይለፍ» አልኩት።

«በምን ማስረጃ?»

«ቃል ሰጥተዋል ይላል እኮ» አልኩ፣ አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ ጨብጬ።