ጭሱ ወደ ላይ የማይወጣበት ስፍራ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአዳማ መናኸሪያ ጀርባ ልጄ በተከራያት ክፍል ውስጥ የተገኘነው እነዚህ ነበርን፤ ልጄ፣ እናቱ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ከሞጆ የመጡ ሁለት ስልክ ጠጋኞች፣ ሴት ልጃቸውን ይዘው ከደራ የመጡ እናት፣ ሰባት የሰፈር ወጣቶች፣ እኔ። ልጄ የመንግሥት ሥራውን ትቶ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ማሠልጠኛ እየከፈተ ነበር። በዚያ ቀን አሥር ሠልጣኝ ካልተመዘገበለት ክፍሏን እንደሚለቅ እናቱ ነግራኝ ነበር። ሁለቱ ጠጋኞች፣ የደራዋ ልጅና ሰባቱ ወጣቶች ሲደመሩ ልክ አሥር ነበሩ።

የተጠራሁት ለምርቃትና ለአጭር ንግግር ነበር። ዘመኔን የጨረስኩት ፊዚክስ በማስተማር ነው፤ በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ሽቦ በቀለጠ እርሳስ እንዴት እንደሚያያዝም ሌሎች ከጻፉት አንብቤ አስተምሬያለሁ። ልጄ ግን ተነሥቶ፣ «አባቴ ጠፈር ላይ ሶልደር ያደረጉ ሰው ናቸው» አለ። ጭብጨባው ደመቀ። አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው።

ሳላርመው ወደ ትምህርቱ ገባሁ። የጋለውን የመበየጃ ካውያ ከሽቦው አስነካሁ። እዚህ ጭሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጠፈር ላይ ግን ትኩስ አየር የሚሸሽበት «ላይ» ስለሌለ ካውያውን ከብቦ ይቆማል አልኩ። የቀለጠው እርሳስ አይንጠባጠብም፤ የገጹ መሳሳብ ይዞት ሽቦውን አቅፎ ይቀመጣል። ችግሩ እርሳሱ በደንብ እንዲይዝ አብሮት የሚገባው ሙጫ ሲፈላ የሚፈጥረው አረፋ ነው። እዚህ አረፋው ተንሳፍፎ ይወጣል፤ እዚያ ግን ብዙውን ጊዜ እርሳሱ ሲረጋ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ውስጡ ይቀራል። ላዩ ያበራል፤ መጋጠሚያው ግን ደካማ ነው።

የደራዋ እናት እጃቸውን አነሡ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚያ ሆነው ሲሠሩ ራስዎን አላዞረዎትም?»

ልጄ አየኝ። ዓይኑ የሚለምነውን አውቄዋለሁ።

«እኔ እዚያ አልሄድኩም» አልኩ። «የነገርኳችሁ ያነበብኩትን ነው።»

ከሞጆዎቹ አንዱ፣ «ታዲያ አባባ እስከ የት ነው የሄዱት?» አለ።

ጓደኛው ቀደመኝ፤ «ቢሾፍቱ ይሆናላ! እዚያም አውሮፕላን አለ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የዕድሩ ዳኛ «ኧረ ነውር ነው!» ቢሉም ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። ልጄ «እኔ ለማለት የፈለግኩት...» ብሎ ጀመረና ተወው።

ከሐሰቱ ይልቅ ያሳፈረኝ መዘግየቴ ነው። ጭብጨባው እንዳበቃ በቀልድ አርሜው ቢሆን ኖሮ የአባትና የልጅ ጨዋታ ሆኖ ባለፈ። በዘገየሁ መጠን የልጄ ውርደት ከፋ። ለምን እንደዘገየሁም አውቃለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያጨበጨበልኝ ሰው አልነበረም።

ምርቃቱን ስጀምር ወንበሮች ይንኳኩ ነበር። የሞጆ ሰዎቹ መኪና እንዳያመልጣቸው ብለው ሄዱ። ከወጣቶቹ አራቱ ስልክ ሊያነሡ ወጥተው አልተመለሱም። የደራዋ እናት ግን ለመነሣት የቃጣችውን ልጃቸውን እጇን ያዙና፣ «ተቀመጪ፤ ቢያንስ ሽማግሌው እውነት ይናገራሉ» አሏት። ልጄም ሰምቷል።

ምርቃቱ ሲያበቃ «አሜን» ያሉት ሠልጣኞች አራት ነበሩ።